አሳማው ታካሚዬ ነው

ሥራዬ አሳማ ማስተኛት ነው። ማደንዘዣ እሰጣለሁ፣ ተመራማሪዎቹ የሚሠሩትን እስኪጨርሱ አጠገቡ ቆሜ ትንፋሹንና ልቡን እጠብቃለሁ፣ ከዛ አነቃዋለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው ለምርምር የሚያገለግሉ እንስሳት ጋ ነው፣ ከነሱም አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰዱት አሳማዎች ናቸው። ሥራሽ ምንድነው ለሚለኝ ሰው ይሄን ስናገር ወይ ይጸየፋል፣ ወይ ያዝናል፣ ወይ ደግሞ "ግን ለምን አሳማ?" ይላል። ደስ የሚለኝ ሶስተኛው ነው፣ ዛሬ እሱን ልመልስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀት ላይ አሳማው "ሞዴል" ነው የሚባለው። የልብ ሕመም ሞዴል፣ የቃጠሎ ሞዴል፣ የደም መፍሰስ ሞዴል ምናምን። ቃሉን እኔም እጽፈዋለሁ ምክንያቱም ሁሉም የሚግባባበት እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳየው ግን ሞዴል ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም፣ ታካሚዬ ነው። ዓመታት ከሠራሁ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ከአሳማ ትልልቅ ነገር የተገኘው አሳማውን ራሱን ማከም የሚያውቅ ሰው እዛ ሲኖር ነው፣ ትልልቅ ነገር ያመለጠውም የአሳማው ጤና እንደ ጎን ጉዳይ ሲታይ ነው። የምጽፈው በሙሉ ከዚህ ሐሳብ ነው የሚወጣው።

ከጉሮሮው ልጀምር። አሳማ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ውሻ ላይ እንደለመድነው አይደለም። አፉ ረጅምና ጠባብ ነው፣ እንደልብ አይከፈትም፣ የላንቃው ለስላሳ ክፍል ረጅም ስለሆነ የማንቁርቱን ክዳን ይሸፍነዋል፣ ማንቁርቱ ጋ ስትደርሱ ደግሞ መንገዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይታጠፋል፣ የቱቦው ጫፍ የሚሰነቀርበት ትንሽ ኪስም አለ። የሚገርማችሁ ከሰውነቱ ግዝፈት አንጻር የአየር ቧንቧው ቀጭን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የድምፅ አውታሮቹ ናቸው፣ ቱቦው ነካ ሲያደርጋቸው ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ።

መጀመሪያ ያስገባሁላት 30 ኪሎ ገደማ የምትሆን ሴት አሳማ ነበረች። ቸኮልኩ፣ ገፋሁት፣ ተዘጋ። ሮዝ የነበረው ጆሮዋና አፍንጫዋ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ በዓይኔ እያየሁ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ አንጋፋ ሐኪም አጠገቤ ነበር፣ ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም፣ "እጅሽን አውጪ። ኦክስጅን ስጪያት። አሁን ዝም ብለሽ ጠብቂ" አለኝ። በጭንብል ኦክስጅን ሰጠናት፣ ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ ጉሮሮዋ ላይ ረጨን፣ ጠበቅን። ያቺ አንድ ደቂቃ የማታልቅ መስላኝ ነበር። ከዛ ረጅሙን ቀጥ ያለ ላሪንጎስኮፕ፣ የጉሮሮ ማያውን መሣሪያ፣ ይዤ ላንቃዋን አነሳሁ፣ አውታሮቹ ሲከፈቱ አየሁ፣ ቱቦውን ቀስ ብዬ እያዞርኩ አስገባሁት፣ ገባ። ቀለሟ ሲመለስ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ ማንም ተመራማሪ ሰዓት አልፏል ቢለኝ አልቸኩልም፣ ይጠብቃል።

ይሄ ጉሮሮ የቆየ ታሪክ አለው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ጋሌን የሚባለው ሐኪም ሕዝብ ፊት አሳማ አስሮ፣ እየጮኸ እያለ፣ ወደ ማንቁርቱ የሚሄዱትን ቀጫጭን ነርቮች ሲይዝባቸው ጩኸቱ ቀጥ አለ። ድምፅ ከልብ ነው የሚመጣው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች በነበሩበት ዘመን ድምፅን የሚያዘው አንጎል መሆኑን ያሳየው እንደዚህ ነው። ማደንዘዣ አልነበረም፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይከብደኛል። ዛሬ ያው ነርቭ የእንቅርት ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች አብዝተው የሚጠነቀቁለት ነርቭ ነው፣ ከተጎዳ የታካሚው ድምፅ ይጎረናል ወይ ይጠፋል። በቀዶ ጥገናው ሰዓት ነርቩን የሚከታተሉት መሣሪያዎች የሚሞከሩት አሁንም በብዛት አሳማ ላይ ነው፣ አሁን ግን አሳማው ተኝቷል፣ አጠገቡም እንደኔ ዓይነት ሰው ቆሟል።

ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። 1960፣ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ። የ21 ዓመት ወጣት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ይመጣል፣ ከስብራቱ በላይ ያስፈራው ግን ማደንዘዣው ነበር፣ ምክንያቱም ከዘመዶቹ 10 ሰዎች ማደንዘዣ ከወሰዱ በኋላ ሞተዋል። አዲስ የነበረውን ሃሎቴን የሚባል የማደንዘዣ ጋዝ ሰጡት፣ ሰውነቱ መጋል ጀመረ፣ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ማደንዘዣውን አቋርጠው በበረዶ አቀዝቅዘው አተረፉት። ማይክል ዴንቦሮ የሚባል ሐኪም የቤተሰቡን ታሪክ ተከታተለና ነገሩ በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳወቀ። ዛሬ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ እንለዋለን። አንዳንድ የማደንዘዣ ጋዞች ሲሸቱት የዛ ሰው ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ያለ ልክ ይለቀቃል፣ ጡንቻው ይገትራል፣ ሰውነቱ ከውስጥ ይነዳል። በዛን ጊዜ ከያዛቸው 10 ሰዎች 7 ወይ 8ቱ ይሞቱ ነበር።

እዚህ ጋ አሳማ ይገባል፣ የሚገባው ደግሞ ከሆስፒታል በኩል አይደለም፣ ከእርባታ ነው። ገበያው ስብ የሌለው ጡንቻማ አሳማ ሲፈልግ አርቢዎች እንደዛ ዓይነቶቹን እየመረጡ ያራቡ ነበር። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ መኪና ላይ ሲጫኑ፣ እርስ በርስ ሲጣሉ፣ ወይ ሙቀት ሲበዛባቸው ድንገት ግትር ብለው ይሞታሉ፣ ሥጋቸውም የገረጣ፣ የላላ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ይሆናል። በ1966 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ማደንዘዣ የተሰጣቸው አሳማዎች ላይ ልክ የዛ ወጣት ዓይነት ነገር ታየ። አስቡት፣ ማንም ሆን ብሎ ያልሠራው፣ በራሱ በአሳማ መንጋ ውስጥ የኖረ በሽታ፣ ሰው ላይ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። አርቢዎቹ ግልገሎቹን ለጥቂት ደቂቃ ሃሎቴን በጭንብል እያሸተቱ እግሩ የሚገትረውን ከእርባታ ማውጣት ጀመሩ፣ የማደንዘዣ ሐኪሞቹ ደግሞ መድኃኒት የሚሞክሩበት ታማሚ አገኙ።

በ1975 ኬፕታውን ውስጥ ጋይስፎርድ ሃሪሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ዳንትሮሊን የሚባለውን፣ ለሌላ የጡንቻ ችግር የሚሰጥ መድኃኒት፣ እነዚህ አሳማዎች ላይ ሞከረ። ሞት የተፈረደባቸው አሳማዎች ተረፉ። በ1979 በደም ሥር የሚሰጠው ዳንትሮሊን አሜሪካ ውስጥ ለሰው ተፈቀደ፣ ሞቱ አሁን ጥሩ ክትትል ባለበት ቦታ ከ100 ከ10 በታች ወርዷል። በ1991 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ የዴቪድ ማክሌናን ቡድን የአሳማውን ጂን አገኘው፣ ካልሲየም ከጓዳው የሚወጣበትን በር የሚሠራው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ተቀይራለች፣ በ5 የአሳማ ዝርያዎች ውስጥ ያው ለውጥ ነው ያለው። እዛው ዓመት ተመሳሳዩ ለውጥ አንድ የሰው ቤተሰብ ላይ ተገኘ። ከዛ በኋላ አርቢው ግልገል ማሸተት አላስፈለገውም፣ በደም ምርመራ ለይቶ ያወጣዋል፣ በዚህም አሳማዎቹ ራሳቸው ከዛ አሟሟት ዳኑ። ለኔ ይሄ ታሪክ ከማንም በላይ የሚያኮራኝ ሁለቱም ወገን የተጠቀመበት ስለሆነ ነው። ዛሬም ሥራ ላይ ሆኜ የአሳማው ሙቀት ሽቅብ መሄድ ሲጀምር መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያው በዝቶ ይሆናል፣ ቢሆንም ቀድሜ ጡንቻውን እነካለሁ።

ለምን አሳማ ለሚለው የተለመደው መልስ "ከሰው ጋር ስለሚመሳሰል" ነው፣ እውነት ነው ግን በጣም የተድበሰበሰ መልስ ነው፣ የሚመሳሰለው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት አለበት። ቆዳውን ውሰዱ። አይጥ ቆዳዋ ከሥሩ ካለው ሥጋ ላይ ላላ ያለ ነው፣ ስትቆስል በዋናነት ዳርና ዳሩ ተጎትቶ ተሰብስቦ ነው የሚዘጋው። የአሳማ ቆዳ እንደኛ ወፍራም ነው፣ ፀጉሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ከሥሩ ካለው ስብ ጋር ተጣብቋል፣ ቁስሉም በብዛት አዲስ ቆዳ ከዳር እየበቀለ እየሸፈነው ነው የሚድነው፣ ስለዚህ የቃጠሎና የቁስል ሕክምና የሚሠራ ሰው አይጥ ላይ የሰራለት ነገር አሳማ ላይ ሳያየው አያምነውም። ልቡን ውሰዱ ደሞ። ውሻ ልቧን የሚመግቡት የደም ሥሮች እርስ በርስ የተያያዙ ቅያስ መንገዶች አሏቸው፣ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይደርሳል። አሳማ እንደዛ የለውም፣ ጤነኛ ሰውም እንደዛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አንዱን ሥር ብትዘጉ የትኛው የልብ ክፍል እንደሚሞት ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። የልብ ደም ሥር እንዳይዘጋ ውስጡ የሚገቡት ስቴንት የሚባሉ ትንንሽ ቱቦዎች ሰው ጋ ከመድረሳቸው በፊት አሳማ ልብ ውስጥ የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የሳንባውን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ አለ፣ ሳንባ ውስጥ ወፍራም ንፍጥ እየተጠራቀመ ልጆችን የሚያሰቃይ። ተመራማሪዎች ጂኑን አይጥ ላይ አበላሽተው ዓመታት ጠበቁ፣ የአይጦቹ ሳንባ ግን የሰው ዓይነት በሽታ አልያዘም። በ2008 ያው ጂን የተበላሸባቸው አሳማዎች ተወለዱ፣ አንጀታቸው ልክ እንደ ታማሚ ሕፃናቱ ተዘግቶ ነው የተወለዱት፣ ሳንባቸውም እያደር ታመመ። ለሳይንሱ ትልቅ በር ነው የከፈተው። እነዛን ግልገሎች ግን ሌት ተቀን የተንከባከበ፣ አንጀታቸውን በቀዶ ጥገና የከፈተላቸው፣ በጠርሙስ ያጠባቸው ሰው አለ፣ እሱ ባይኖር በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቁ ነበር፣ የሳንባውንም ነገር ማንም አያየውም ነበር።

ችግሩ መጠኑ ነው። ተራ የእርባታ አሳማ ሲያድግ ከ200 ኪሎ ያልፋል፣ ማን ይሸከመዋል፣ መድኃኒቱስ ምን ያህል ይበቃዋል። ለዚህ ነው ትንንሾቹ የተፈጠሩት። በጣም የታወቀው የጎቲንገን ሚኒፒግ ነው፣ በ1960ዎቹ ጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካውን የሚኒሶታ ሚኒፒግ፣ የቬትናሙን ሆደ ዘርጣጣ አሳማና የጀርመኑን ላንድሬስ አዳቅለው ያወጡት፣ አድጎ 40 ኪሎ አካባቢ ላይ ይቆማል። ረጋ ያለ ጠባይ አለው፣ ስሙን ስትጠሩት ይመጣል።

አሁን ሰው ብዙም የማያወራውን ልናገር፣ ሳታውቁት ከአሳማ የተገኘ ነገር በሰውነታችሁ አልፎ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከሞት ሲያስነሳ ከከብት ቆሽት ነበር የተወሰደው፣ ብዙም ሳይቆይ የአሳማውም ተጨመረ፣ በ1982 በባክቴሪያ የተሠራው የሰው ኢንሱሊን እስኪፈቀድ ድረስ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ሁሉ ማለት ይቻላል የኖረው በሁለቱ ነው። የአሳማው ኢንሱሊን ከኛ የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ የከብቱ በሶስት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳንባቸው እንዳይጣበቅ ከሚሰጣቸው መድኃኒቶች አንዱ ከአሳማ ሳንባ ነው የሚወጣው፣ ስቶክሆልም ውስጥ ቤንግት ሮበርትሰንና ቶሬ ኩርስቴት የሠሩት። የአሳማ የልብ ቫልቭ በ1960ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሰው ልብ ውስጥ ገባ፣ አላን ካርፓንቲዬ ግሉታራልዲሃይድ በሚባል ኬሚካል አክሞ የሰው ሰውነት እንዳያጠቃውና ቶሎ እንዳይበላሽ ማድረጉን አገኘ። የብረቱን ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን የደም ማቅጠኛ መውሰድ አለበት፣ የአሳማው እንደዛ አያስፈልገውም፣ በምትኩ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ያረጃል።

በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ታካሚ ከየት የመጣ ነገር ሰውነቱ ውስጥ እንደሚገባ ሊነገረው ይገባል፣ በእምነቱ ወይ በሕሊናው የሚከብደው ሰው አለ፣ ለቫልቭ የከብትም የብረትም አማራጭ አለ፣ ለሕፃናቱ መድኃኒትም የከብት አለ። ጠይቆ ይወስን። ዝም ብሎ ማሳለፍ ለታካሚውም ለአሳማውም ክብር አይደለም።

የሄፓሪን ነገር ደግሞ አስተማሪ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን በብዛት የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። በ2006ና 2007 ቻይና ውስጥ "ሰማያዊ ጆሮ" የተባለ የአሳማ በሽታ መንጋውን ክፉኛ መታው፣ ጥሬ ዕቃው አነሰ፣ ተወደደም። በ2008 ሄፓሪን ውስጥ ተራ ምርመራ የማይለየው ሌላ ርካሽ ኬሚካል ተቀላቅሎ ተገኘ፣ ሰዎች ሞቱ። አሳማ ሲታመም ሆስፒታል ውስጥ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚነካው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሰማያዊ ጆሮ ያልኳችሁ ፒአርአርኤስ የሚባለው በሽታ ነው፣ እርጉዟን ያስወርዳታል፣ ግልገሎቹን ሳንባቸው ላይ ይይዛቸዋል። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት ሲዲ163 የሚባል በር ያስፈልገዋል። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ በሩን ዘጉት፣ አሳማዎቹን ከታመሙት ጋር አንድ ላይ አደረጓቸው፣ አልያዛቸውም። በ2025 አሜሪካ እንደዚህ ዓይነት አሳማ እንዲረባ ፈቀደች። እኔ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ለአንድ ጊዜ እንኳ ምርምሩ በቀጥታ ለአሳማው ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ግን ገና ነው፣ በ1921 ኬንያ ውስጥ ተገልጾ፣ በ2007 ጆርጂያ፣ በ2018 ቻይና ገብቶ ስንት አሳማ ጨርሷል፣ ሰው ስለማይዝ ብቻ ዓለም ችላ ብሎት ኖረ።

ሰውን የሚይዘው ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። ከአጥቢ እንስሳት የመጀመሪያው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው ከአሳማ ነው፣ ሪቻርድ ሾፕ በ1931 ሲያሳውቅ የሰው ቫይረስ ገና አልተገኘም ነበር፣ እሱ በ1933 ነው የመጣው። የአሳማ የመተንፈሻ አካል የወፍ ቫይረስም የሰው ቫይረስም የሚጣበቅበት ቦታ አለው፣ ሁለቱ እዛ ተገናኝተው ጂን ከተለዋወጡ አዲስ ነገር ይወለዳል። የ2009ኙ የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከአሳማ ቫይረሶች ነው የተነሳው።

አሁን ሁሉም የሚያወራው ንቅለ ተከላ ጋ ደርሰናል። የአሳማ ሴል ላይ አልፋ ጋል የሚባል ስኳር አለ፣ እኛ የለንም፣ ደማችን ውስጥ ግን እሱን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሞልቷል፣ ስለዚህ ያልተነካ የአሳማ ኩላሊት ሰው ላይ ብትተክሉ በደቂቃዎች ወይ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። በ2002 ይሄን ስኳር የሚሠራው ጂን ከሁለቱ ቅጂ አንዱ የተዘጋባቸው አሳማዎች መወለዳቸው ተነገረ፣ ሁለቱም የተዘጋባቸው ተከተሉ። ቀጥሎ የነበረው ስጋት የአሳማ ዘረመል ውስጥ ተጽፎ የሚኖር ቫይረስ ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ፣ በየትኛውም ጽዳት የማይወጣ፣ እሱንም በ2017 በክሪስፐር ያጠፉባቸው አሳማዎች ተወለዱ።

ጥር 7 ቀን 2022 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባርትሊ ግሪፊትና ሙሐመድ ሞሂውዲን የሚመሩት ቡድን 10 የጂን ለውጥ የተደረገበትን የአሳማ ልብ ለ57 ዓመቱ ዴቪድ ቤኔት ተከሉለት። ከአስሩ አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ልቡ እንደ አሳማ አድጎ የሰውየውን ደረት እንዳይሞላ እድገቱን የሚገታ ነው። ልቡ መታ። ሁለት ወር ገደማ ኖረ፣ መጋቢት 8 አረፈ። ከዛ በኋላ የወጣው ነገር ነው እኔን ያስለቀሰኝ፣ ልቡ ውስጥ የአሳማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ተገኘ። ልቡ ከመተከሉ በፊት አሳማው ተመርምሯል፣ ግን ምርመራው ከአፍንጫው በተወሰደ ናሙና ነበር፣ ይሄ ቫይረስ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚተኛ ስለሆነ አፍንጫ ላይ ላይገኝ ይችላል፣ ደሙ ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ብትፈልጉ ነው የምታገኙት። የሰውየው አሟሟት ብዙ ምክንያት እንዳለው ሐኪሞቹ ጽፈዋል፣ ቫይረሱ አንዱ ተጠርጣሪ ነው። እኔ ግን የማየው ይሄን ነው፣ ያ ሁሉ ረቂቅ የጂን ሥራ ተሠርቶ የእንስሳት ሐኪም ጥያቄ የሆነው "ይሄ አሳማ ጤነኛ ነው?" የሚለው ላይ ክፍተት ቀረ።

ከዛ በኋላ ምርመራው ጠብቋል። ለንቅለ ተከላ የሚያድጉት አሳማዎች አየሩ በሚጣራበት ቤት ነው የሚኖሩት፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ታጥቦ ልብስ ቀይሮ ነው። መጋቢት 2024 ቦስተን ውስጥ ለሪቻርድ ስሌይማን የተተከለው ኩላሊት 69 ለውጥ ነበረው፣ 59ኙ ያንን ዘረመል ውስጥ ተጽፎ የሚኖረውን ቫይረስ ለማጥፋት ነው። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ አረፈ፣ ሆስፒታሉ ሞቱ ከንቅለ ተከላው ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት የለም አለ። በኅዳር 2024 ኒውዮርክ ውስጥ ቶዋና ሉኒ ኩላሊት ተቀብላ 130 ቀን ቆየላት፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ የተተከለለት ቲም አንድሩስ ደግሞ 271 ቀን። ሁለቱም ኩላሊቱ ወጥቶላቸው ወደ እጥበት ተመለሱ። ዕጥበት ማሽን ላይ በሳምንት ሶስት ቀን የሚታሰር ሰው ያውቃል፣ 271 ቀን ቀላል ነገር አይደለም።

አሳማ ብልህ ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ላይ 4 አሳማዎች በአፍንጫቸው ጆይስቲክ እየገፉ ስክሪን ላይ ያለውን ነጥብ ወደ ግቡ ማድረስ ተምረዋል። ጓደኛ ያውቃሉ፣ የጎዳቸውን ሰው ያስታውሳሉ፣ ብቻቸውን ሲቀመጡ ይረበሻሉ፣ የሚምሱት ጭድ ወይ አፈር ካልተሰጣቸው የጓደኛቸውን ጅራት መንከስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሥራዬ ቀላል ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። ከምሠራባቸው ብዙዎቹ ጥናቱ ሲያልቅ አይነቁም፣ ቲሹው መታየት ስላለበት በማደንዘዣው ውስጥ እያሉ ነው የሚያርፉት፣ ያን መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ።

በ1959 ዊሊያም ራስልና ሬክስ በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሶስት ነገር ጠየቁ፣ በሌላ መተካት ከተቻለ ተኩ፣ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ስቃዩን አቅልሉ። ዛሬ በብዙ አገር እንስሳ የሚጠቀም የምርምር ማመልከቻ ላይ ይጠየቃል፣ ግን ሰው ቅጹን ሲሞላ ከፊቱ የተጻፈውን ገልብጦ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፣ ይሄ ያናድደኛል። ለምሳሌ ለቀዶ ጥገና ልምምድ የሚውሉት። ስፌት ለመለማመድ፣ ካሜራ ይዞ እጅን ለማለማመድ፣ የመለማመጃ ማሽኑና ከቄራ የሚመጣው አካል ይበቃል፣ ለዛ በሕይወት ያለ አሳማ መተኛት የለበትም ባይ ነኝ። እውነተኛ ደም መፍሰስን መቆጣጠር ለሚማር ሰው ግን እስካሁን እኩያ አላየሁም፣ ይሄን ስል ደስ እያለኝ አይደለም። ከታረዱ አሳማዎች ጭንቅላት ምን ያህል መማር እንደሚቻል ደግሞ በ2019 የዬል ተመራማሪዎች አሳይተዋል፣ ከቄራ በመጣ የአሳማ አንጎል ላይ፣ ከሞተ 4 ሰዓት በኋላ፣ ልዩ ፈሳሽ እያዘዋወሩ የተወሰነ የሴል ሥራ መልሰዋል፣ ንቃት ግን አልተመለሰም። ለዛ ጥናት ተብሎ አንድም አሳማ አልተገደለም።

ስቃዩን ማቅለል የሚለው ደግሞ ለሳይንሱም ነው። ተይዞ የጮኸ አሳማ የጭንቀት ሆርሞኑ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የነጭ ደም ሴሉ ሁሉ ይዛባል፣ ተመራማሪው የሚለካው መድኃኒቱን ይሁን ፍርሃቱን አያውቅም። እኛ ጋ አዲስ አሳማ ሲመጣ መጀመሪያ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ማንም ምንም አያደርገውም። መሬት ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ራሱ እስኪመጣ። ሲመጣ ጣፋጭ ነገር እሰጠዋለሁ፣ በማግሥቱ ጀርባውን እነካለሁ፣ ከዛ ጆሮውን፣ ከዛ ከሸራ የተሠራውን ማንጠልጠያ ያየዋል፣ ይሸተዋል፣ ይገባበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ እግሮቹ በቀዳዳዎቹ ወርደው፣ ሆዱ ሸራው ላይ አርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከጆሮ ሥሩ ደም ስወስድ ዝም ይላል። አንዳንዶቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

የሚነቁትን ማንቃት ደግሞ የራሱ ትዕግሥት አለው። ቱቦውን ቶሎ ማውጣት የለብኝም፣ እስኪውጥ፣ መንጋጋው እስኪጠነክር እጠብቃለሁ። ፀጉሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል፣ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። መጀመሪያ አፍንጫው ይንቀሳቀሳል፣ ከዛ ደረቱ ላይ ለመተኛት ይታገላል፣ ይወድቃል፣ እደግፈዋለሁ። ራሱን መያዝ ሲችል ነው ከጓደኞቹ ጋር የሚቀላቀለው፣ ቀድሞ ከተቀላቀለ ይገፉታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በፍርግርጉ በኩል አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኛሉ።

ነገ ሁለት አሉኝ፣ እህትማማቾች ናቸው፣ ሁለቱም ይነቃሉ። ምግባቸው ዛሬ ማታ ይነሳል፣ ውሃቸው አይነሳም። ጭዱንም እንዳይበሉት ማውጣት አለብኝና ከመተኛቴ በፊት ሄጄ አያቸዋለሁ።